የጉዞ ጥያቄና መልስ፦ ጥልቅ በረዶ፣ ስስ ኪስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ሦስት ጓደኛሞች ነን፤ ሁላችንም ያደግነው ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ስኪ የጀመርነው ገና ልጆች ሆነን ስለሆነ አሁን በማሽን የተደለደለ ቁልቁለት ላይ መውረድ ሰልችቶናል። የምንፈልገው ፓውደር፣ ማለትም ዱቄት የመሰለ ጥልቅ በረዶ ነው፤ ጉልበት የሚውጥ፣ ዛፍ መሃል የሚገኝ። በክረምቱ መሃል ለአሥር ቀን ከአሜሪካ ለመውጣት አስበናል። በነፍስ ወከፍ 3,000 ዶላር አለን፣ ከዚያ በላይ ሳንቲም የለም። አንዱ ጓደኛችን የጃፓኑ ኒሴኮ ካልሆነ አልሄድም ይላል። ሌላው ስዊዘርላንድ ይላል። እኔ ደግሞ የህንዱን ጉልማርግ በቪዲዮ አይቼ ልቤ ሸፍቷል። ከሦስታችን አንዱ ግሪን ካርድ ነው ያለው፣ ፓስፖርቱ የኢትዮጵያ ነው። ቤተሰቦቻችን «ሐበሻንና በረዶን ምን አገናኛቸው?» እያሉ ይስቁብናል። እስቲ ይምከሩን። (ከኦሮራ)

መልስ፦ ከቤተሰብ እንጀምር። ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቶሪኖ፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር ላይ በክረምት ኦሎምፒክ ለኢትዮጵያ ተወዳድሯል። የእሱ አገር አቋራጭ ስኪ ነው፣ የእናንተ ቁልቁለት ነው፤ ለእራት ሰዓት ክርክር ግን ይበቃችኋል። እኔም አሜሪካ እንደገባሁ እንጀራዬን የጀመርኩት እዚሁ ኮሎራዶ ተራራ ላይ፣ ሊፍት ላይ ሰው እያሳፈርኩ ነው። ያኔም ይሳቅ ነበር።

ወደ ብሩ ስንመጣ፣ የስኪ ጉዞ ገንዘብ የሚያልቀው አልጋ ላይ ነው። ስመ ጥር መንደር ውስጥ ላደረ ሰው ክፍሉም፣ እራቱም፣ ቡናውም በመንደሩ ስም ይሸጥለታል። ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው፦ ተራ ሰው ሠርቶ የሚኖርበት ከተማ ውስጥ እደሩ፣ ያተረፋችሁትን ለመኪናና ተራራውን ለሚያውቅ ጋይድ አውጡ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

ስዊዘርላንድን ቶሎ ልለፈው። ተራራው ወደር የለውም። ግን በ3,000 ዶላር ከዴንቨር ተነስቶ አሥር ቀን እዚያ ማደርና መብላት ጾም መያዝ ነው። ገንዘቡ ቢኖራችሁ እንኳ በረዶው መቼ እንደሚወርድ ማንም አያውቅላችሁም። አሥሩም ቀን ፀሐይ ሊሆን ይችላል። ለጫጉላ ሽርሽር ደስ ይላል፣ ለእናንተ ግን ኪሳራ ነው።

ጉልማርግ ላይ ልብህ ቢሸፍት አልፈርድብህም። ጎንዶላው ሰውን ወደ 4,000 ሜትር ገደማ ያወጣል፣ ዋጋውም ከኮሎራዶ ጋር አይወራም። ችግሩ ቦታው ካሽሚር ነው። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዜጎቹ ወደ ጃሙና ካሽሚር እንዳይሄዱ ያስጠነቅቃል። እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ ባለበት ቦታ ብዙ የጉዞ ኢንሹራንሶች አይከፍሉም። እግር ቢሰበር ጎፈንድሚ ልንከፍትልህ ነው ማለት ነው።

የኒሴኮው ጓደኛችሁ በበረዶው አልተሳሳተም። ከሳይቤሪያ የሚነሳው ደረቅ ብርድ የጃፓንን ባሕር ሲያቋርጥ እርጥበት ይጠግባል። የጃፓን ሰሜናዊ ደሴት ሆካይዶ ደርሶ ተራራ ሲገጥመው ያራግፈዋል። ይህ ነገር ከታኅሣሥ እስከ የካቲት እየተደጋገመ ይመጣል፤ ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ፣ ከነገ ወዲያ ጉልበት ድረስ። የሚወርደውም እንደ በሶ ዱቄት እፍ ሲሉት የሚበን ነው። የተሳሳተው ኒሴኮ ካልሆነ ማለቱ ላይ ነው። ያው ደመና ሌላውንም የሆካይዶ ተራራ ያለብሳል፤ እዚያ ግን በእንግሊዝኛ የተጻፈ የ30 ዶላር በርገር የለም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። ሆካይዶ ጥልቀት እንጂ ሹል ገደል አይደለም። የኒሴኮ አኑፑሪ ጫፍ 1,308 ሜትር ነው፤ ከዴንቨር ጎዳና ዝቅ ይላል። የሆካይዶ ረጅሙ ተራራ አሳሂዳኬ 2,291 ሜትር ነው፤ እሱም ቦሌ ኤርፖርት ላይ አይደርስም! ስለዚህ ኦሮራ ያደገ ሳንባ እዚያ ይዝናናል፤ ገደል የሚወድ ጓደኛ ግን ካላችሁ ያጉረመርማል። ለእሱ የሚሻለው በዋናው ደሴት ያለው ሃኩባ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1998ቱ የናጋኖ ኦሎምፒክ የቁልቁለት ውድድር የተካሄደው እዚያ ነው። ከጻፋችሁልኝ እንደተረዳሁት የእናንተ ነገር ጥልቀት ነው። እንግዲያው ሆካይዶ።

የማድሪያ ከተማችሁ አሳሂካዋ ትሁን። ከሳፖሮ ቀጥላ የሆካይዶ ሁለተኛ ትልቅ ከተማ ናት። ቆንጆ ናት አልላችሁም። ሰፋፊ መንገድ፣ ግራጫ ሕንፃ፣ በየማዕዘኑ ሱቅ። ብርዱ ብርድ ነው፤ በጃፓን የተመዘገበው ዝቅተኛ ሙቀት፣ ከዜሮ በታች 41 ዲግሪ፣ እ.ኤ.አ. በ1902 የተለካው እዚህ ነው። ግን ባቡር ጣቢያው አካባቢ የጃፓን ነጋዴዎች ለሥራ ሲመጡ የሚያድሩባቸው ሆቴሎች ተደርድረዋል። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ንጽሕናው ግን እንከን አይወጣለትም። አንዳንዶቹ ፍል ውኃ መታጠቢያ አላቸው፣ ኦንሰን የሚሉት። ሆቴል ስትመርጡ የስኪ ማስቀመጫና የጫማ ማድረቂያ መኖሩን ጠይቁ። ከሌለ ጫማውን ክፍል አስገብታችሁ ውስጡን ጋዜጣ ጠቅጥቁበት፣ ማታ አንዴ ቀይሩት። ጠዋት እርጥብ ጫማ ያጠለቀ ሰው ቀኑን ሙሉ ነው የሚነጫነጨው።

ከተማዋን የመረጥኩላችሁ በርካሽነቷ ብቻ አይደለም። ባለሙያ ስኪተኛ የሚፈልገው ምርጫ ነው፤ አሳሂካዋ ደግሞ በየጠዋቱ ንፋሱን አይታችሁ ተራራ እንድትመርጡ ትፈቅድላችኋለች። በረዶ እየወረደና እየነፈሰ ከሆነ ካሙይ ሂዱ፤ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። ቁመቱ 800 ሜትር እንኳ አይደርስም፤ ካርታ ላይ ያየው ሰው ይንቀዋል። ግን ዛፍ መሃል መግባት በደንብ የተፈቀደበት ቦታ ነው፣ በሥራ ቀን ደግሞ ሰው ስለሌለ ከሰዓት በኋላም ያልተነካ በረዶ ታገኛላችሁ። የቀን ትኬቱ የኒሴኮ ግማሽ ገደማ ነው። ኒሴኮ አራቱን ቦታ የሚያካትተው ትኬት ከ10,000 የን አልፏል። እሱም ቢሆን የኮሎራዶው ቬይል እ.ኤ.አ. በ2024/25 ክረምት በመስኮት ከ300 ዶላር በላይ ሲሸጠው የነበረውን ለለመደ ሰው ርካሽ ነው። ጥልቀቱ ትንሽ ቀነስ፣ ቁልቁለቱ ረዘም ያለ ስትፈልጉ ፉራኖ አለላችሁ፤ ከከተማዋ በደቡብ በኩል አንድ ሰዓት ያህል ነው። ኩሮዳኬም አለ፣ ሹል ነው፣ ከሁሉም ራቅ ይላል።

ማዕበሉ አልፎ ሰማዩ የጠራ ቀን ግን አሳሂዳኬ ነው። ሌላውን ሁሉ ትታችሁ እዚያ ሂዱ። ትልቅ የገመድ ካቢን አለ፤ ሰዉ ስኪውን ወደ ላይ አቁሞ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ወደ 1,600 ሜትር ያወጣዋል። ሲወጣ ወሬ የለም። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚቀበላችሁ የድኝ ሽታ ነው። እሳተ ገሞራ ነውና ከጎኑ እንፋሎት ሲጨስ በዓይናችሁ ታያላችሁ። እንፋሎቱ በሚወጣበት አካባቢ በረዶው ከሥር ተቦርቡሮ ይቆያል፤ ላዩ ሙሉ ይመስላል፣ ሥሩ ባዶ ነው። ከላይ ዛፍ የለም። ጭጋግ ከመጣ የስኪያችሁን ጫፍ አታዩም፣ ሰማይና መሬት አንድ ይሆናል። ዝቅ ስትሉ በርች የሚባለው ነጭ ዛፍ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ነው ለምን እንደመጣችሁ የሚገባችሁ። ከታች ደግሞ በረዶ የሸፈናቸው ጅረቶች አሉ። ለዚህ ነው የመጀመሪያውን ቀን ጋይድ ያዙ የምለው። ከፍተኛ ንፋስ ካለ ካቢኑ ይቆማል፤ ስለዚህ ጠዋት ከሆቴል ሳትወጡ አጣሩ።

ስለ ጋይድ ገንዘብ አትሳሱ። ለሦስት ሲካፈል ቬይል ላይ ከአንድ ቀን ትኬት ያንሳል። ስታናግሩት የናዳ ሥልጠና ወስዳችሁ እንደሆነ ይጠይቃችኋል፤ ካልጠየቃችሁ ሌላ ጋይድ ፈልጉ። ካይል ስሜይን የሚባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2015 የሃፍፓይፕ የዓለም ሻምፒዮን ነበር። በጃንዋሪ 29 ቀን 2023 ናጋኖ ውስጥ በበረዶ ናዳ ሞተ። ከእናንተም ከእኔም ይበልጥ ይችል ነበር። ስለዚህ ቢከን (ናዳ የቀበረው ሰው የት እንዳለ የሚጠቁም የሬዲዮ መሣሪያ)፣ አካፋና መፈለጊያ ዘንግ ለእያንዳንዳችሁ፤ ለሦስት አንድ የሚባል ነገር የለም። የቢከኑ ሞገድ በዓለም ሁሉ አንድ ስለሆነ የኮሎራዶው እዚያም ይሠራል። በናዳ ጊዜ የሚነፋ የአየር ከረጢት ያለው ቦርሳ ካላችሁ የጋዝ ሲሊንደሩ ተሞልቶ ከአሜሪካ ኤርፖርት አያልፍም፤ በባትሪ የሚሠራ ካልሆነ ቤት ተዉት።

ጃፓን ውስጥ ከናዳ ባልተናነሰ የምፈራው ዛፉን ነው። በጥልቅ በረዶ ግንዱ ዙሪያ ባዶ ጉድጓድ ይፈጠራል፣ ቅርንጫፉ ይሸፍነዋል። በጭንቅላቱ የገባ ሰው ብቻውን አይወጣም፤ የሚታፈነውም በደቂቃዎች ውስጥ ነው። ዛፍ መሃል ስትገቡ እየተያያችሁ ውረዱ፣ ፊሽካ አንገታችሁ ላይ ይሁን፣ አንዱ ከዘገየ ሌሎቹ ቁሙ። «ታች ሊፍቱ ጋ እንገናኝ» የሚባለውን የኮሎራዶ ልማድ ኮሎራዶ ተዉት። የስኪ ቦታውን ወሰን የከለለው ገመድ ደግሞ ገመድ ነው። ኒሴኮ ብትሄዱ ከወሰን የሚወጣው በበር ብቻ ነው፤ በሩ ከተዘጋ ተዘግቷል። ከገመድ ሥር ሹልክ ያለ ሰው ትኬቱን ይቀማል።

መቼ? ጥምቀትን ከቤተሰብ ጋር አክብራችሁ በማግስቱ ተነሱ። የጃንዋሪ አጋማሽና መጨረሻ በረዶው የሚበዛበት ነው። በፌብሩዋሪ መጀመሪያ የሳፖሮ የበረዶ ፌስቲቫል ስላለ አልጋ ይወደዳል፤ የቻይና አዲስ ዓመት ሲጨመርበት ጭራሽ አይቻልም።

በረራው ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ዩናይትድ ከዴንቨር በቀጥታ የሚወስዳችሁ የቶኪዮው ናሪታ ኤርፖርት ነው። ወደ አሳሂካዋ የሚበረው አብዛኛው አውሮፕላን ግን ከቶኪዮ ሌላኛው ኤርፖርት፣ ከሃኔዳ ነው የሚነሳው። ከረጅም በረራ በኋላ ስኪ ተሸክሞ ቶኪዮን ማቋረጥ አይመከርም። ከናሪታ ወደ ሳፖሮው ኤርፖርት ኒው ቺቶሴ የሚሄድ ርካሽ በረራ ያዙ፤ የስኪውን ሻንጣ ግን ትኬቱን ስትቆርጡ አብራችሁ ክፈሉ፣ ኤርፖርት ላይ ከሆነ ይጨክኑባችኋል። ከዚያ መኪና ተከራይታችሁ በፈጣን መንገዱ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ሆካይዶ ውስጥ በክረምት የሚከራይ መኪና የበረዶ ጎማ አለው፤ በአራቱም ጎማ የሚነዳውን ጠይቁ። መሪው በቀኝ፣ መንገዱ በግራ ነው። መንጃ ፈቃድ ብቻ አይበቃም፤ ከመነሳታችሁ በፊት ከአሜሪካ የመኪና ማኅበር፣ ከኤኤኤ፣ ዓለም አቀፉን አውጡ። ጃፓን ውስጥ አይሰጣችሁም።

ግሪን ካርድ ያለው ጓደኛችሁ ቪዛ ያስፈልገዋል። የአሜሪካ ፓስፖርት ያላችሁት ያለ ቪዛ ትገባላችሁ፣ እሱ በኢትዮጵያ ፓስፖርቱ ነው የሚታየው። የጃፓን ቆንስላ ዴንቨር ውስጥ ስላለ ዕድለኛ ነው። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የእሱን ጨርሱ። ሁለት ወር ቀደም ብሎ ቢጀምር ልቡ ያርፋል።

አሁን ሂሳቡ፣ ለአንድ ሰው። ለበረራው፣ የአገር ውስጡን ጨምሮ፣ 1,400 ዶላር ያዙ። ለዘጠኝ ሌሊት አልጋ በ60 ሂሳብ 540። መኪናና ቤንዚን ለሦስት ተካፍሎ 280። ጋይድ ለአንድ ቀን፣ እሱም ተካፍሎ፣ 170። ለስድስት ቀን ትኬት 210። ምግብ ለዘጠኝ ቀን፣ በቀን 30 ብላችሁ 270። ኢንሹራንስ፣ ከወሰን ውጭ ስኪንና ፍለጋን የሚሸፍን መሆኑን በጽሑፍ አይታችሁ፣ 80። ድምሩ 2,950 ነው። በ30 ዶላር ይበላል ወይ ካላችሁ፣ በደንብ ይበላል። ሴይኮማርት የሚባለው የሆካይዶ ሱቅ ትኩስ ሩዝና ዶሮ እዚያው አብስሎ ይሸጣል። ማታ የአሳሂካዋ ራመን፣ በአኩሪ አተር ሶስ የተሠራው፣ ይጠብቃችኋል። የቀረችው 50 ዶላር ለሚጥሚጣ ወዳጅ ጓደኛችሁ ናት፤ ከቤት ካልያዘ እዚያ አያገኝም።

እና ኪሳችሁን ፈትሹ። ብዙ ተራራ ላይ ከሚሠሩት የክረምት ትኬቶች ሙሉው ኢፒክ ፓስ የሆካይዶውን ሩሱትሱንና ሃኩባን፣ አይኮን ደግሞ ኒሴኮን ያካትታል፤ የቀኑ ብዛት እንደ ፓሱ ዓይነት ይለያያል። የኮሎራዶ ልጆች ሆናችሁ አንዱን ሳትገዙ አልቀራችሁም። ከሆነ ሁለት ሌሊት ኩቻን ከተማ እደሩ። ከኒሴኮ በአውቶቡስ ትንሽ ወረድ ብላ ያለች የገበሬ ከተማ ናት፣ አልጋዋም የገበሬ ነው። የኒሴኮው ጓደኛችሁም ፎቶውን ያነሳል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔና እህቴ ስቶክሆልም ነው የምንኖረው። ስኪ በደንብ እንችላለን። ዕረፍታችን የሚገጥመው ዐቢይ ጾም ውስጥ ነው። ጾም ሳንፈታ፣ ብዙም ሳናወጣ፣ ጥሩ ፓውደር የት እናገኛለን? (ከስቶክሆልም)

መልስ፦ እህቴ፣ ጆርጂያ ሂዱ፤ ጉዳውሪ። ከትብሊሲ ወደ ሰሜን 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዲዱቤ ከሚባለው መናኸሪያ ማርሽሩትካ፣ የእነሱ ሚኒባስ፣ ያደርሳችኋል። መንደሩ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ሊፍቱ ከ3,200 በላይ ያወጣል። ዛፍ የለውም፤ ሰፊ ገላጣ ተራራ ነው። ስለዚህ ማዕበል ባለበት ቀን ምንም አታዩም፣ ቁጭ ብላችሁ ሻይ ትጠጣላችሁ። ሲጠራ ግን ጋይድ ይዛችሁ ወደ ኮቢ ሸለቆ የሚወርደውን ሰሜናዊ ገጽ ሂዱበት፤ ፀሐይ ስለማያገኘው በረዶው ሳይበላሽ ይቆያል። ጎንዶላው መልሶ ያወጣችኋል። ገላጣ ተራራ ናዳ ይወዳል፤ ከላይ ለኦሮራ ልጆች ያልኩትን የቢከን ነገር እናንተም አንብቡት።

ምግቡ ደግሞ የእናንተ ነው። ጆርጂያውያን ኦርቶዶክስ ስለሆኑ የጾም ምግብ ያውቃሉ። «ሳማርክቮ» በሏቸው፣ ይገባቸዋል። ሎቢዮ የባቄላ ዘመድ የሆነ ወጥ ነው፣ ከበቆሎ ቂጣ ጋር ይበላል። ፕካሊ ደግሞ ቆስጣና ለውዝ የመሰለው ዋልነት ተፈጭቶ ነው። ብቻ የእኛ ጾም ከእነሱ በአንድ ሳምንት ያህል ስለሚቀድም መጀመሪያው ሳምንት ላይ ከሄዳችሁ አይብ በአይብ ሆነው ነው የምታገኟቸው። ጃፓን ቢሆን ሾርባው ሁሉ የዓሣ ነው፤ ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ለንስሐ አባታችሁ ትቻለሁ።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የምሠራው። ሞሉ ውስጥ ባለው ስኪ ዱባይ ተምሬ አሁን ሳልወድቅ ከላይ እስከ ታች እወርዳለሁ። ጓደኞቼ ጃፓን ፓውደር ሊሄዱ ነው፣ ልከተላቸው? (ከዱባይ)

መልስ፦ አትከተላቸው፣ ወንድሜ። ያ ቁልቁለት 400 ሜትር ርዝመት ያለው፣ ጣሪያ ያለው፣ ሁሌም የተደለደለ ነው። ጉልበት በሚውጥ በረዶ ውስጥ ስትወድቅ ስኪህን ፈልጎ ማግኘት ራሱ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ ጓደኞችህ በመጀመሪያው ቀን ይጠሉሃል። አንተም መጀመሪያ ጉዳውሪ ሂድ፤ ከዱባይ ትብሊሲ ቀጥታ በረራ አለ። የመኖሪያ ፈቃድህ ያለ ቪዛ ያስገባህ እንደሆነ ግን ትኬት ከመቁረጥህ በፊት አጣራ። አንድ ሳምንት ሙሉ አስተማሪ ይዘህ በተደለደለው ላይ ስትሠራ፣ መጨረሻ ላይ ከጠርዙ ወጣ ብለህ ቁርጭምጭሚት የሚደርሰውን ሞክር። ስኪውን እዚያው ተከራይ። ገንዘብ ካለህ ጫማ ግዛ፣ ልክህን የሚለካ ሱቅ ፈልገህ። ካልሲ ደግሞ አንድ፣ ቀጭን ብቻ፤ ሁለት የደረበ እግር ነው ቶሎ የሚበርደው።